የጎረቤት ጽዋ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ሆላንድ ሲደርስ ትንሽ ይቸገራል። ጎረቤቱ አለ፤ በሩም በበር ነው። ነገር ግን ሰላምታው ደረጃ ላይ ይጀመርና እዚያው ደረጃ ላይ ያልቃል። ስኳር ለመበደር በር የሚያንኳኳ የለም። ቡና ሲፈላ የሚጠራም፣ የሚጠራውም የለም።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉ ጎረቤቶች ግን አሉ። በደቡብ ሮተርዳም በሻርሎይስ ሰፈር ከሱሪናም የመጡ የሂንዱ ቤተሰቦች በብዛት ይኖራሉ። ሐበሻም ከእነሱ ጋር ደረጃ ይጋራል። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን፣ ልጅ ሲወለድ፣ አዲስ ቤት ሲገባ ወይም የታመመ ሲድን እነዚህ ቤተሰቦች እቤታቸው ጸሎት ያደርጋሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ በትንሽ ኩባያ ነጭ መጠጥ፣ በሳህን ደግሞ በቅቤ የታሸ ጣፋጭ ይዘው የጎረቤታቸውን በር ያንኳኳሉ።

የሐበሻው ቤት በዚያች ቅጽበት ይጨነቃል። ይህ ነገር ምንድን ነው? ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንስ? ለጣዖት የቀረበ ነው ቢባልስ? እምቢ ቢሉ ጎረቤት ይቀየም ይሆን? በችኮላ «ዳንክ ዩ ቬል» ይባልና ኩባያው ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። በዛሬው አምዳችን ስለዚህች ኩባያ በዝርዝር እንነጋገር።

ሰዎቹ እነማን ናቸው?

ብዙ የሐበሻ ሰው «ህንዶቹ» ብሎ ያልፋቸዋል። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ሂንዱስታኒ ብለው ነው። አብዛኞቹ ህንድን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ታሪክ ግን ከዚያ ይነሳል።

ሆላንድ በቅኝ ግዛቷ በሱሪናም ባርነትን ያስቀረችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1863 ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን አሥር ዓመት ያህል በግዴታ ውል እንዲሠሩ ተደረገ። ያ ዘመን ሲያልቅ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ አጡ። ስለዚህ በእንግሊዝ እጅ ከነበረችው ህንድ ሰው በአምስት ዓመት ውል ማስመጣት ጀመሩ። ላላ ሩክ የተባለችው የመጀመሪያዋ መርከብ ከካልካታ ተነሥታ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1873 ሱሪናም ገባች። 400 የሚጠጉ ሰዎችን ይዛ ነበር። እስከ 1916 ድረስ ከ34 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ መንገድ ተጓዙ። አብዛኞቹ ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ከሚባሉት የሰሜን ህንድ ግዛቶች የተነሡ ገበሬዎች ነበሩ። ብዙኃኑ ሂንዱ፣ የቀሩት በአመዛኙ እስላም ነበሩ። ውላቸው ሲያልቅ ከፊሎቹ ወደ ህንድ ተመለሱ፤ የሚበዙት መሬት ይዘው እዚያው ቀሩ።

ያ የመርከብ ጉዞ ወራት የሚፈጅ ነበር። አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ የማይበላ፣ ውሃ የማይቀባበል ሰው በአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ ተጭኖ ሄደ። በሀገሩ የነበረው የዘር ደረጃ በጉዞው ላይ ላላ። ሲደርሱም በአንድ መርከብ የመጡት ሰዎች «ጃሃጂ ብሃይ»፣ ማለትም የመርከብ ወንድም ተባባሉ። የሥጋ ዘመድ ለሌለው ሰው ያ ወንድምነት የሥጋ ያህል ሆነ። በካርቱም፣ በናይሮቢ ወይም በሮም የስደት ጓደኛ ያፈራ ሐበሻ ይህን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሱሪናም እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1975 ነፃ ስትወጣ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ሕዝቡ በብዛት ወደ ሆላንድ ጎረፈ። ሂንዱስታኒዎቹ በብዛት የሰፈሩት በዴን ሃግ ነው፤ በሮተርዳምና በአምስተርዳምም ብዙ አሉ። እንግዲህ የሻርሎይሱ ጎረቤት ሁለት ጊዜ የተሰደደ ሕዝብ ልጅ ነው። ከጋንጅስ ዳር ወደ ሱሪናም፣ ከሱሪናም ወደ ማስ ወንዝ ዳር። ሻርሎይስ የሚለው የሰፈሩ ስም ራሱ እንኳ ከሩቅ የመጣ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አንድ የቡርጎኝ መስፍን በፈረንሳይ ምድር ባለው ግዛቱ በሻሮሌ ስም የሰየመው መሬት ነው። እስከ 1895 ድረስ ራሱን የቻለ መንደር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሮተርዳም ተጠቃለለ።

አምስቱ ነገሮች

በኩባያ የሚመጣው መጠጥ ስሙ ፓንቻምሪት ይባላል። «ፓንች» አምስት ማለት ነው። «አምሪት» ደግሞ የማይሞት፣ ሞትን የሚያርቅ መጠጥ ማለት ነው። በሂንዱዎች የጥንት ትረካ አማልክትና ባላጋራዎቻቸው የወተትን ባሕር እንደ ቅል ወተት ንጠው አምሪትን አወጡ ይባላል። በሀገር ቤት ወተት በቅል ሲናጥ ያየ ሰው ምሳሌው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

አምስቱ ነገሮች ወተት፣ እርጎ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ማርና ስኳር ናቸው። በላዩ ላይ ቱልሲ የተባለ ቅጠል ጣል ይደረግበታል። ቱልሲ ለሐበሻ ባዳ አይደለም፤ የበሶብላና የዳማከሴ የቅርብ ዘመድ ነው። ሦስቱንም የዕፅዋት ሊቃውንት ኦሲመም በሚባል አንድ ወገን ይመድቧቸዋል። እናቶች ለምች ዳማከሴን በእጃቸው አሽተው እንደሚያሸትቱት ሁሉ፣ በህንድም ቱልሲ ለጉንፋንና ለሳል በሻይ ይጠጣል። ከመድኃኒትነቱ በላይ ግን ቱልሲ በሂንዱ ቤት የተከበረ ተክል ነው። ውሃ ይጠጣል፤ በፊቱ መብራት ይበራለታል። በአንዳንድ ቤት እሁድ ቀን ቅጠሉ አይቀጠፍም። የሆላንድ ብርድ ስለሚገድለው ክረምቱን በመስኮት ሥር፣ በማሰሮ ተተክሎ ያልፋል።

መጠጡ ሌላም ስም አለው። ጸሎቱ በሚደረግበት ጊዜ የጣዖቱ ምስል ወይም እግሩ በመጠጡ ይታጠባል። ያ የታጠበበት ተጠራቅሞ ለሕዝቡ ሲታደል ቻራናምሪት ይባላል፤ የእግር አምሪት እንደማለት ነው። አብሮ የሚታደለው ጣፋጭና ፍራፍሬ ደግሞ ፕራሳድ ይባላል። ስለዚህ ይህ ተራ የወተት ጭማቂ አይደለም። ለአምልኮ የቀረበና ከዚያ የተመለሰ መጠጥ ነው። ለሐበሻው ክርስቲያንም ሆነ እስላም ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን ከማየታችን በፊት ግን አሠራሩን እንጨርስ።

ሁሉም ሂንዱ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ሳናታን ዳርም የሚባሉት ብዙኃኑ ምስል ያኖራሉ፤ ይህን መጠጥ የሚያዘጋጁትም በአመዛኙ እነሱ ናቸው። አርያ ሳማጅ የሚባሉት ግን ምስል አያመልኩም። ጸሎታቸው እሳት አንድደው፣ ቅቤና ዕጣን የመሰለ ነገር እየጨመሩ ነው። ጎረቤትን «ጣዖታችሁ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

አሠራሩ

የቤቱ እመቤት ወይም አባወራ በዚያ ቀን በጠዋት ገላን ይታጠባል፤ ወጥ ቤቱም ይጸዳል። ከጸሎቱ ቀን በፊት ጀምሮ በቤቱ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና አልኮል አይገባም። ሥጋ የተሠራበት ድስት አይነካም። በሐበሻ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ እንደሚቀመጥ ማለት ነው።

አንድ የተለመደ ልኬት ይኸውና። ስምንት ሰው ለሚቀምሰው አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወተት፣ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ አምስት የቱልሲ ቅጠል ይበቃል። ልኬቱ ከቤት ቤት ይለያል። አምስቱ ዓይነቶች ግን አይጎድሉም።

ወተቱ ይፈላና ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል፤ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ግን መሆን የለበትም። ቅቤው ቀዝቃዛ ወተት ላይ ሲጨመር ረግቶ ይንሳፈፋልና። እርጎው አስቀድሞ ለብቻው እስኪለሰልስ ይመታል። ከዚያ ወተቱ በቀስታ እየተጨመረ ይማሰላል፤ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል። ስኳሩ ይሟሟል፣ ማሩ ይጨመራል፣ ለብ ብሎ የቀለጠው ቅቤ በመጨረሻ ይገባል። ማርና ቅቤ በእኩል ሚዛን እንዳይደባለቁ የህንድ የጥንት ሕክምና ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ማሩ በዝቶ ቅቤው ያንሳል። ማርም ትኩስ ነገር ላይ አይጨመርም። ቅጠሉ ታጥቦ ከላይ ይጣላል። ከህንድ ታሽጎ የመጣ የጋንጅስ ውሃ ያለው ቤት ጠብታ ይጨምርበታል። ከሀገር ቤት በጠርሙስ ጸበል ያስመጣ ሰው ይህንንም ያውቀዋል።

ዕቃው ብር ወይም የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል። መዳብ ግን አይሆንም፤ የእርጎው ኮምጣጣነት መዳቡን ይበላዋልና። ሌላው ትልቅ ሕግ የሚያዘጋጀው ሰው አለመቅመሱ ነው። ማማሰያውን መላስ፣ «ስኳሩ በቅቷል?» ብሎ መሞከር የለም። መጀመሪያ የሚቀርበው ለአምልኮው ነው፤ ሰው የሚቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕቃውን ለመግዛት ለሚረዱ የሐበሻ ጎረቤቶች ጥቂት ምክር እንጨምር። በሆላንድ ሱቅ ወተት፣ እርጎ፣ ካርነሜልክና ፍላ ተመሳሳይ ካርቶን ውስጥ ተደርድረው ይሸጣሉ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። ካርነሜልክ የሐበሻው አሬራ ነው፤ ፍላ ደግሞ ጣፋጭ ወፍራም የወተት ገንፎ ነው። ለዚህ መጠጥ የሚያስፈልገው ምንም ያልተጨመረበት ሙሉ እርጎ ነው። ጀላቲን የሚባለው ከከብት ወይም ከአሳማ የሚወጣ ማርጊያ እንደሌለበትም ጽሑፉን ማንበብ ይገባል።

«እኔ ቅቤ አለኝ» ብሎ የሐበሻ ንጥር ቅቤ ይዞ መሄድም ስሕተት ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽና እርድ ያለበት፣ በአንዳንድ ቤትም ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቅቤ ለዚህ ጸሎት አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከአምልኮው ማዕድ የተከለከሉ ናቸው። ጨው የሌለበት አንድ ጥቅል ቅቤ (250 ግራም) ያለ ቅመም በለስላሳ እሳት ቢነጠር 200 ግራም ያህል ይወጣዋል። የቱልሲ ቅጠል ከቶኮዎች ይጠየቃል። በሮተርዳም ቬስት ክራውስካደ ያሉት የሱሪናም ሱቆች፣ ረቡዕና ቅዳሜ የሚቆመው የአፍሪካንደር ገበያ፣ በዴን ሃግ ደግሞ ፓውል ክሩገርላን የታወቁ ናቸው።

የጤናውንም እንንገር። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር ጠብታም ቢሆን መቅመስ የለበትም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላልና። የስኳር በሽተኛ ይጠንቀቅ። መጠጡም በዚያው ቀን ያልቃል እንጂ አያድርም። የተረፈውን ሂንዱዎቹ ከዛፍ ወይም ከተክል ሥር ያፈሱታል፤ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም።

ተረኩ

ይህ መጠጥ ከሚቀርብባቸው የቤት ውስጥ ጸሎቶች ዋናው የሳትያናራያን ጸሎት ነው። ፓንዲት የሚባለው ካህናቸው ይመጣና አምስት ምዕራፍ ያለው ተረክ ያነባል። በሆላንድ ብዙ ጊዜ ንባቡ በሂንዲና በሳንስክሪት ሆኖ ማብራሪያው በሆላንድኛ ይሆናል፤ ልጆቹ የሚሰሙት ይህን ነውና።

ከተረኩ አንዱ ስለ አንድ ነጋዴ ነው። ልጅ ቢወለድልኝ ይህን ጸሎት አደርጋለሁ ብሎ ይሳላል። ልጅ ትወለዳለች፤ እሱ ግን «ስትዳር አደርገዋለሁ» ይላል። ትዳራለች፤ አሁንም ያዘገያል። በመጨረሻ ከአማቹ ጋር በሰው አገር በሌብነት ተወንጅሎ ይታሰራል። እቤት የቀሩት ሴቶች ስለቱን ሲፈጽሙ ሁለቱም ይፈታሉ። መርከባቸው ወደብ ስትደርስ ግን ልጂቱ ባሏን ለማየት ጓጉታ ፕራሳዱን ሳትቀምስ ከጸሎቱ ትሮጣለች። ወዲያው መርከቢቱ ከነባሏ ትሰወራለች። ተመልሳ ስትቀምስ ነው መርከቢቱ የምትታየው።

ስለት ያለበትና የዘነጋ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ልቡን ይነካዋል። ከዚህ ሌላ ግን ተረኩ አንድ ነገር ያስረዳል። ጎረቤት ኩባያዋን ይዞ ሲመጣ የሚያግደረድረው ግትር ሆኖ ወይም ሃይማኖት ሊያስለውጥ ፈልጎ አይደለም። ፕራሳድ የመጣለት ሰው ይቅር ሲል ነገሩ እንደማይበጅ ከልጅነቱ የሰማ ሰው ነው። ለእሱ ማካፈሉ የጸሎቱ ማብቂያ ነው።

በሩ ሲንኳኳ

እንግዲህ ምን ይደረግ? በሐበሻ ክርስቲያኖች ዘንድ መልሱ አንድ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 8 እና 10 ይህንኑ ጥያቄ አንስቷል። ጣዖት በራሱ ከንቱ መሆኑን ይናገራል፤ የተጋበዘ ሰው የቀረበለትን ሳይመረምር እንዲበላም ይፈቅዳል። ነገር ግን ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የነገረህ ካለ አትብላ ይላል፤ ይህንንም የሚለው ስለ ነጋሪው ኅሊና ነው። የሻርሎይሱ ጎረቤት ደግሞ ኩባያዋ ከጸሎት የመጣች መሆኗን ደብቆ አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ቤት አይቀምስም። ሌላው ቤት የጎረቤትን ፍቅር እንጂ ጣዖቱን አልተቀበልኩም ብሎ ይቀምሳል። እስላም ቤተሰቦችም ሊቃውንቶቻቸውን ጠይቀው የያዙት መልስ አላቸው። ይህ አምድ በማንም ኅሊና ላይ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። የንስሐ አባት ያለው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ዳኝነት የማያሻው አንድ ነገር ግን አለ። በፈገግታ ተቀብሎ፣ በር ዘግቶ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ መድፋት ከሁሉ የከፋው ነው። ጎረቤቱ የሰጠው የተቀደሰ የሚለውን ነው። ሐበሻ ከደጀ ሰላም ያመጣውን እመት ወይም የማኅበር ዳቦ ሰው ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ቢያገኘው ምን ይሰማዋል? በዚህ ላይ ልጆች ያያሉ። ደጅ ላይ የተባለውና ወጥ ቤት ውስጥ የተደረገው የተለያየ መሆኑን ያዩ ልጆች የሚማሩት ሃይማኖትን መጠበቅ አይደለም፤ ሁለት ፊትን ነው።

እውነቱን መናገር ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ጾም ከሆነ «ኢክ ቤን አን ሄት ፋስተን» ማለት ይበቃል፤ ጾም ላይ ነኝ ማለት ነው። ወተትና ቅቤ በጾም እንደማይበላ ለሂንዱ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እሱም የሥጋ ቀንና ሥጋ የማይነካበት ቀን አለው፤ ከሆላንዱ ጎረቤት ይልቅ ፈጥኖ ይገባዋል። ጾም ሳይሆን ጾም ነው ብሎ መዋሸት ግን ቆይቶ ያሳፍራል። ምክንያቱ እምነት ከሆነ ቆሞ፣ በሁለት እጅ ኩባያዋን ወደ እሱ መልሶ፣ «ስላሰባችሁን እናመሰግናለን፤ በእኛ እምነት ከሌላ ጸሎት የቀረበ አንቀምስም፤ ልባችሁን ግን ተቀብለናል» ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሰማ ጎረቤት አይቀየምም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለአምልኮ ያልቀረበ ሙዝ ወይም ሮቲ ለይቶ ሊያመጣም ይችላል። ከጸሎቱ በኋላ በቤቱ የሚቀርበው ምግብ ሁሉ ፕራሳድ ላይሆን ይችላልና የተጋበዘ ሰው መጠየቅ ነውር አይሆንበትም።

የሚቀምስ ደግሞ ወጉን ይወቅ። ጫማ ይወለቃል። በቀኝ እጅ፣ ግራውን ከሥር አድርጎ መቀበል ነው። ሐበሻ ከታላቅ ሰው የሚቀበለውም እንዲሁ ነው። መዳፍ ላይ በማንኪያ የሚደረገው ጥቂት ነው፤ አይጨመርልኝ ብሎ መሽኮርመምም ይጨመርልኝ ማለትም የለም።

የተቀበለም ያልተቀበለም ቤት ግን አንድ ዕዳ አለበት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይህ የሐበሻ ሕግ ነው። ክትፎ ወይም ቋንጣ መላክ ግን ነገር ማበላሸት ነው። የላም ሥጋ በሂንዱ ቤት ነውሩ ታላቅ ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ እንቁላል የሌለበት ድፎ ዳቦ፣ በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ቡና ጠጡ ብሎ መጥራት ነው። ቡናውን እየቆሉ፣ ጭሱን እያሸተቱ፣ ሦስቱን ስኒ እየጠበቁ መቀመጥ ከላላ ሩክ መርከብ ልጆች ጋር ለመጨዋወት ጊዜ ይሰጣል። ሐበሻውም ስለ ህንድ የሚያወራው አያጣም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩትን ህንዳውያን መምህራን የማያስታውስ ጎልማሳ ጥቂት ነው።

የሐበሻው ጽዋስ?

ጎረቤትን ማወቅ ራስን ለመመርመርም ይጠቅማል። ሐበሻም እቤቱ የሚያዘጋጀው፣ ካህን ሳይባርከው የማይቀመስ መጠጥ አለው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም የጽዋ ማኅበር የገባ ሰው ያውቀዋል። ተረኛው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ ማኅበርተኛ ይሰበሰባል። ካህኑ ይባርካል፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይተላለፋል፤ የማኅበሩ ሙሴ ሥርዓቱን ይቆጣጠራል። የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይጠጣም።

ይህ ጽዋ በሆላንድ አፓርታማ ፈተና ገጥሞታል። ጠላ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። ጌሾው ከሀገር ቤት በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ጥንስሱ ቀናት ይፈጃል፤ አሻሮውና ብቅሉ ሲገባ ድፍድፉ ይሆናል፤ ከዚያ ውሃ ይሞላል፤ እንደገና መጠበቅ ነው። ጋን የለም፤ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ዕቃውን በወይራ ለማጠን የሞከረ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በየቤቱ፣ በየፎቁ ግዴታ የሆነው የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ሲጮህበት ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። ክዳኑን ያጠበቀም በርሜሉ ሲፈነዳ ምንጣፉን ያጣል፤ የሚፈላ ነገር መተንፈሻ ያስፈልገዋልና። በዚህ ሁሉ ምክንያት አንዳንዱ ማኅበር ጠላውን በጁስ ተክቷል። አንዳንዱ ደግሞ «ጁስ ጽዋ አይሆንም» ብሎ ተከራክሮ፣ በክርክሩ መካከል ማኅበሩ ራሱ ፈርሷል።

ሂንዱስታኒዎቹ ይህን ፈተና ከ150 ዓመት በፊት አይተውታል። ከጋንጅስ ዳር የተነሡት ቋንቋቸው ተለውጧል፤ በሱሪናም ሰርናሚ የተባለ አዲስ ቋንቋ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቹ በአብዛኛው የሚያወሩት ሆላንድኛ ነው። ልብሱ ተለውጧል፤ የዘር ደረጃው ላልቷል። አምስቱ ነገሮች ግን እዚያው አሉ። እንዴት? አንደኛ፣ ዕቃው የትም ሀገር ይገኛል፤ ከመንገደኛ ሻንጣ አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ያማስላሉ፣ ቅጠሉን ያጥባሉ፣ ለእንግዳ ያድላሉ። ሦስተኛ፣ ትርጉሙ ልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ ይነገራቸዋል።

ሐበሻው ጠላውን ይተው ማለት አይደለም። በሀገር ቤትም ቢሆን አልኮል የማይጠጣ ሰው ብርዝ ነበረው፤ ማርና ውሃ የትኛውም የሮተርዳም ሱቅ አይጠፋም። ጠላ የሚችል ይጥመቅ፤ የማይችል ብርዝ ይበጥብጥ፤ ካህኑ ይባርከው። ማኅበርን ማኅበር የሚያደርገው ጌሾው ብቻ አይደለም። ተራው ነው፣ ዕርቁ ነው፣ የታመመውን መጠየቁ ነው። እሱ ከቀረ ጋን ሙሉ ጠላም አያድነውም።

በሻርሎይስ፣ በዴን ሃግም ሆነ በአምስተርዳም ያሉ ማኅበርተኞች ከዚህ ወር ሳያሳልፉ ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማል። አንደኛው፣ ጠላ መጥመቅ የሚችሉትን እናት አስቀምጦ፣ «በዓይን ግምት» የሚሉትን እየመዘኑ በግራምና በሊትር መጻፍ ነው። እሳቸው ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ዕውቀት ነውና። ሁለተኛው፣ እዚህ የተወለደውን አንድ ወጣት ተረኛ አድርጎ መመዝገብና ጽዋውን በእጁ መስጠት ነው። የተቀበለው ልጅ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ቀን የሚመልስለት ሰው ይዘጋጅ፤ ካስፈለገም በሆላንድኛ።